ከሥር ማሽ እስከ ባለፈቃድ፦ የባህል ሕክምና ሙያ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን

የአንድ ሙያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተበት ወይም ማኅበሩ ከተቋቋመበት ዕለት ነው። የባህል ሕክምና ግን የተከፈተበት ዕለትም ሆነ የመጀመሪያው ባለሙያ የተመዘገበበት መዝገብ የለውም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት በመሆኑ፣ መንግሥትና ሕግ የደረሱበት ሙያው ካረጀ በኋላ ነው። ስለዚህም ታሪኩ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነው፤ አንደኛው ዕውቀቱ ራሱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕውቀቱን ለመመዘን፣ ለመመዝገብና ፈቃድ ለመስጠት የተደረገው ሙከራ ነው። ሁለቱም በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በግልጽ ይታያሉ።

ቆላና ደጋ በአንድ ቀን መንገድ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የደጋው ሜዳ በድንገት ያልቅና አንኮበር ይደረሳል። ከአንኮበር ተራራ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ጅብራና አስታ የሚበቅልበትን ውርጭ ትቶ፣ በጽድና በወይራ መካከል አልፎ፣ በአንድ ቀን የአልዩ አምባን ሙቀት ያገኛል። ይህ የመሬት አቀማመጥ ለዕፅዋት ዐዋቂው ትልቅ ሀብት ነው። በሌላ አገር የብዙ ቀን ጉዞ የሚጠይቀውን የዕፅዋት ዓይነት የአንኮበር ሰው በእግሩ ወርዶ፣ በእግሩ ወጥቶ ይሰበስበዋል። ከዚህም በላይ አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ስለነበረች፣ ከጠረፍ የሚመጣው ቅመምና መድኃኒት ከደጋው ሥርና ቅጠል ጋር የሚገናኝባት ስፍራ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአንኮበር ወረዳ ላይ የታተመ የዕፅዋት ጥናት የአካባቢው ሕዝብ ለመድኃኒትነት የሚጠቀምባቸውን 151 የዕፅዋት ዝርያዎች መዝግቧል። ከእነዚህ መካከል ኮሶ ለኮሶ ትል፣ ሀረግ ሬሳ ደግሞ ለትኩሳትና ለመሰል ሕመሞች በመረጃ ሰጪዎቹ ዘንድ ከፍተኛውን ስምምነት አግኝተዋል። ይህ ስምምነት ትልቅ ትርጉም አለው። ተለያይተው የሚኖሩ፣ ምስጢራቸውንም እርስ በርስ የማይገላለጡ ሰዎች ለአንድ ሕመም አንድን ዕፅ ከጠቀሱ፣ ዕውቀቱ በአንድ ግለሰብ ፈጠራ ላይ የቆመ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ሕመምን ለመከላከል የሚደረገው ጥረት በዚህ አገር ከዕፅ ጋር ብቻ የተያያዘ አልነበረም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መቀመጫቸውን በደብረ ብርሃን ባደረጉበት ዘመን ብርቱ ወረርሽኝ ገብቶ እንደነበረና ንጉሡም በዚሁ ምክንያት ቤተ ቂርቆስን እንዳሠሩ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ጸሎት፣ ጠበልና ዕፅ በአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አብረው የሚቆሙበት ልማድ ጥንታዊ ነው። ለኋለኛው ዘመን ሕግ አውጪ ራስ ምታት የሆነውም ይኸው ነበር፤ የትኛው ሊመዘን ይችላል? የትኛውስ ከሚዛን ውጭ ነው?

ዕፁ ከባለቤቱ በፊት ታወቀ

አንኮበር በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሸዋ መንግሥት መናገሻ በነበረችበት ጊዜ ከውጭ የመጡ ብዙ መንገደኞችን አስተናግዳለች። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ደረሱ። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከጓዶቹ መካከል ሐኪሙ ኪርክና የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮት ነበሩ። ቀጥሎም ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሌላ ሐኪም መጥቶ የሸዋን ኑሮ በሁለት ቅጽ ጽፎ በ1844 አሳተመ። በምኒልክ ዘመን ደግሞ በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ተቋቋመ፤ መሪው አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያው ከሞተ በኋላ ራጋዚና ትራቬርሲ የተባሉ ሐኪሞች በየተራ ሠርተውበታል። የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በ1879 መጀመሪያ የደረሰው ወደ አንኮበር ነበር።

እነዚህ ሰዎች የመጡት የራሳቸውን መድኃኒት ይዘው ነው፤ ሲመለሱ ግን ስለ አገሩ መድኃኒት የጻፉትን ይዘው ሄደዋል። የኮሶ ታሪክ ከዚህ ሁሉ በጣም የሚያስገርም ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ መጠጣት ከንጉሥ እስከ ድኃ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወሩ፣ የሚፈጸም የቤት ሥርዐት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ዛፉን ለአውሮፓውያን ገለጸ። ቀጥሎም ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አበባውን በቁስጥንጥንያ አግኝቶ ወደ ፓሪስ ላከ፤ ኩንት የተባለው የዕፅዋት ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1824 ለዕፁ የሐኪሙን ስም የያዘ መጠሪያ አወጣለት። በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ የኮሶ አበባ በአውሮፓ የመድኃኒት ቤቶች እየተመዘነ የሚሸጥ፣ በታላላቅ የመድኃኒት መዝገቦችም የተመዘገበ ሆነ።

እንግዲህ ነገሩ ሲታይ ኮሶ ፈቃድ ያገኘው ከኮሶ ዐዋቂው በፊት ነው። ለንደንና ፓሪስ አበባውን መዝነው፣ መጠኑን ወስነው፣ በመዝገብ ሲያስገቡት፣ ለዘመናት ሲያጠጣ የኖረው የሸዋ መድኃኒተኛ ስሙም ሙያውም በየትኛውም መዝገብ አልነበረም።

ያልተጻፈው ፈቃድ

ይሁን እንጂ በአገሩ ልማድ ማንም ሰው ተነሥቶ መድኃኒተኛ ነኝ ለማለት አይችልም ነበር። ያልተጻፈ ቢሆንም ፈቃድ ነበረው። የመጀመሪያው የፈቃድ ምንጭ ዘር ነው። አባት ከልጆቹ መካከል አፉን የሚቆጥበውን፣ ልቡ የረጋውንና እጁ የማይቸኩለውን መርጦ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫካ ይወስደዋል፤ ዕፁን ያሳየዋል፣ የሚቆረጥበትን ቀንና የሚወሰደውን መጠን ይነግረዋል። ሁለተኛው ምንጭ የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በድጓና በቅኔ ቤት ያደገው ደብተራ በብራና የተጻፈውን መጽሐፈ መድኃኒት ከመምህሩ ይገለብጣል፤ ከዕፁ ጋርም ጸሎትና አስማት ይቀበላል። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968ና በ1973 ያሳተሟቸው የኢትዮጵያ የሕክምና ጽሑፎች የዚህን የብራና ትምህርት ስፋት ያሳያሉ። ሦስተኛው ምንጭ ሥራው ራሱ ነው፤ ወጌሻው የተሰበረውን ጠግኖ፣ የልምድ አዋላጇ እናትና ልጅ በሰላም አላቅቃ በመንደሩ ፊት ይመሰከርላቸዋል።

ይህ ያልተጻፈ ፈቃድ ጠንካራ ጎን ነበረው። በሽተኛው ከሞተ ወይም ከባሰበት የሚጠየቀው ሰው በዚያው መንደር የሚኖር፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ በዚያው ዕድር የሚቀበር ነበር። ደካማ ጎኑ ደግሞ ምስጢር ነው። መድኃኒቱ ስሙ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ተብሎ ይታመናል። አባት በድንገት ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል፤ ልጁ የቀረውን በግምት ይሞላዋል። በግምት የተሞላ መጠን ደግሞ አደጋ ነው። በተጨማሪም ኅብረተሰቡ ለእነዚሁ ሰዎች ያለው ስሜት የተደባለቀ ነበር። ቀን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ብሎ ያሽሟጥጣቸዋል፤ ሌሊት ልጁ ሲታመምበት በራቸውን ያንኳኳል። በጠንቋይነትና በመተተኛነት መጠርጠር ሙያቸውን እንዲደብቁ አድርጓቸዋል፤ መደበቃቸውም ጥርጣሬውን አባብሶታል።

አዋጅና መሥሪያ ቤት

ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ የዘመናዊ ሕክምና አስተዳደር እንደገና ሲደራጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው ሕግ የባህል ሕክምናን ሕጋዊነት ተቀበለ፤ ሁኔታውም ሥራው በጤና ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ነበር። ይህ አነጋገር ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ ከባድ ጥያቄ አዝሏል። ጉዳት አለማድረሱን ማን ይመረምራል? በምንስ ይለካል? ሕጉ በሩን ከፈተ እንጂ የሚመዝን እጅ አላቆመም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ያለ ሥልጣን ሕክምናን ሙያ አድርጎ መያዝን በወንጀልነት ስላስቀመጠ፣ የአንኮበሩ መድኃኒተኛ በአንድ በኩል የተፈቀደለት፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሚያስረዳበት ወረቀት የሌለው ሰው ሆኖ ኖረ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃ መነሣት ጀመረ። ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1977 መንግሥታት ለባህል ሕክምናቸው ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጡ ጠየቀ፤ በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ስብሰባ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን መርሕ ሲያጸድቅ የባህል ሐኪሞችንና የልምድ አዋላጆችን በሥራው ውስጥ ቆጠራቸው። በኢትዮጵያም በኅዳር ወር 1979 እ.ኤ.አ. በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል ሕክምና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። መድኃኒተኛው የጠላት ወገን ወይም የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ መንግሥት ሊያነጋግረው መሥሪያ ቤት የከፈተለት ያኔ ነው። የዚሁ ክፍል ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎኖች በምርምር እንዲዳብሩና ቀስ በቀስ ከዘመናዊው ሕክምና ጋር እንዲዋሐዱ ደነገገ። የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 የባህል መድኃኒትን በቁጥጥር ክልል ውስጥ አስገባ። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 ደግሞ መድኃኒቱን፣ ባለሙያውንና ተቋሙን በአንድ ባለሥልጣን ሥር ሰብስቦ የባህል ሕክምናንም በዚሁ ሥርዐት ውስጥ አካተተ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ ባለሥልጣኑ በምግብና በመድኃኒት ላይ እንዲያተኩር ተደርጎ፣ የባለሙያውና የጤና ተቋሙ ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ዘርፍ ዞረ። በዘመናዊው ሕክምና ሐኪሙና መድኃኒት ቀማሚው ሁለት ሰዎች ስለሆኑ ይህ ክፍፍል አያስቸግርም። የአንኮበሩ ዐዋቂ ግን መርማሪም፣ ለቃሚም፣ ቀማሚም፣ አጠጪም ራሱ ነው። እጁና ቅጠሉ የሚመዘኑት በተለያየ መሥሪያ ቤት ነው ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን መዘኑ?

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ናቹሮፓቲ የተባለው የተፈጥሮ ሕክምና ከጀርመን አገር የመጣ ሲሆን፣ ቄስ ሴባስቲያን ክናይፕ በውኃና በዕፅዋት በሚሰጠው ሕክምና ስም አውጥቶ ነበር። ተከታዩ ቤኔዲክት ሉስት ይህንኑ ወደ አሜሪካ ወስዶ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ በኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ከፈተ። የኦሪገን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1927 ለሙያው የፈቃድ ሕግ አወጣ። ዛሬ ከ20 በሚበልጡ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተፈጥሮ ሕክምና ዶክተር ተብሎ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ያህል በታወቀ ኮሌጅ መማር፣ ቀጥሎም ሁለት ክፍል ያለውን ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ክፍል የሰውነትን አሠራርና የበሽታን መነሻ፣ ሁለተኛው በሽተኛን የመመርመርና የማከም ችሎታን ይፈትናል። ፈቃዱን ሳያገኝ በማዕረጉ የተጠቀመ በሕግ ይጠየቃል። ሕግ ባልወጣባቸው ክፍለ ግዛቶች ግን ያው ዲግሪ ያንኑ መብት አያስገኝም።

ጀርመን ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው ሕግ ሐኪም ያልሆነ ፈዋሽ በጤና ቢሮ ተፈትኖ ፈቃድ እንዲያገኝ አደረገ፤ የፈተናው ዋና ዓላማ ሰውየው ለሕዝብ ጤና አደገኛ አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው። የፈውስ ችሎታው ግን አይለካም። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ለአዩርቬዳና ለመሰሎቹ ባህላዊ ሕክምናዎች ማዕከላዊ ምክር ቤት አቋቁማ ሥርዐተ ትምህርታቸውንና የባለሙያዎቹን መዝገብ አደራጀች።

ሦስቱ ሲነጻጸሩ መንገዱ ይለያል። አሜሪካና ሕንድ ትምህርት ቤቱን መዘኑ፤ ጀርመን አደጋውን መዘነች። የኢትዮጵያ የ1942 ሕግ ወደ ጀርመኑ ሐሳብ ይቀርባል፤ ነገር ግን ፈታኙን አላቆመም። የአሜሪካንና የሕንድን መንገድ እንዳለ ለመከተል ደግሞ የተጻፈ፣ ለሁሉ የተገለጠና የሚያከራክር ትምህርት ያስፈልጋል። ምስጢሩን በልቡ የያዘ ሽማግሌ ወደዚያ ክፍል የሚገባው ምን ዋስትና ሲያገኝ ነው?

የእንዶድ ትምህርት

ለዚህ ጥያቄ የእንዶድን ያህል ግልጽ ምሳሌ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች በመሆናቸው ነገሩን በቤተ ሙከራ መረመሩት፤ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ከሠሩ በኋላም ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ይህ ለባህል ዕውቀት ትልቅ ምስክር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች የወረረ የዛጎል ዓይነት እንደሚገድል በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲረጋገጥ፣ የፈጠራ መብቱ በአሜሪካ ተመዘገበ። ዕፁን ለዘመናት ስታጥብበት የኖረችው ገበሬ ሴት በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ አልነበራትም።

ምስጢር የሚጠብቅ መድኃኒተኛ ይህን ሲሰማ ፍርሃቱ ከንቱ አለመሆኑን ያውቃል። ኢትዮጵያ ለዚህ መልስ የሰጠችው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን በማውጣት ነው። አዋጁ የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ከተወሰደም ጥቅሙ ለባለቤቶቹ እንዲደርስ ይደነግጋል። ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ስለ ማኅበረሰብ ነው፤ ከአባቱ ብቻ የተቀበለውንና ጎረቤቱ እንኳ የማያውቀውን የአንድ ቤት ምስጢር የማኅበረሰብ ዕውቀት ብሎ መጥራት ባለቤቱን አያሳምነውም።

ሰውየው፣ ዕፁና መጠኑ

አንድ መሐንዲስ ለሥራው ሲፈቀድለት የሚመረመረው ዕውቀቱ ነው፤ የሚጠቀምበት ሲሚንቶና ብረት ግን ለየብቻው በቤተ ሙከራ ይፈተናል። ሙያው ያልታወቀ ሰው በጥሩ ሲሚንቶ የሠራው ድልድይ ይወድቃል፤ ጎበዝ መሐንዲስም በከሸፈ ሲሚንቶ የሠራው እንዲሁ ይወድቃል። በባህል ሕክምናም ነገሩ ይኸው ነው። የኮሶ ኃይል አበባው በተለቀመበት ጊዜ፣ በእርጅናውና በአቀማመጡ ይለያያል። በእፍኝ የተለካው መጠን ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ይለወጣል። ከልክ ያለፈ ኮሶ ለብርቱ ሕመም የሚዳርግ ሲሆን፣ በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ተገልጿል። አያቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ ነፍሰ ጡርንና ደካማን ከኮሶ የሚከለክሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ዕውቀቱ ሲቆራረጥ ግን ቀድሞ የሚረሳው ክልከላው ነው፤ የዕፁ ስም በሰው አፍ ሲኖር፣ «ለእገሌ አይሰጥም» የሚለው ቃል ይጠፋል።

ስለዚህ ፈቃዱ ሦስት ነገር ሊመዝን ይገባል። አንደኛ፣ ሰውየው በራሱ አቅም የማይድነውን በሽታ ለይቶ ወደ ሐኪም ቤት የሚልክ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ዕፁ የሚባለው ዕፅ መሆኑንና መርዝነቱ የታወቀ መሆኑን፤ ሦስተኛ፣ መጠኑ በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን የተወሰነ መሆኑን። ጸሎቱና እምነቱ ከዚህ ሚዛን ውጭ ለባለቤቱ ይተዉ። በለውጡ ደግሞ መንግሥት ለባለሙያው ሊሰጠው የሚገባው ነገር አለ፤ የገለጠው ቀመር በስሙ ታሽጎ የሚቀመጥበት መዝገብ፣ ጥቅም ሲገኝበትም ድርሻውን የሚጠይቅበት ሰነድ ነው። ያለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ምስጢርን በነፃ አስረክብ ከማለት አይለይም።

ለዚህ ሥራ ሰሜን ሸዋ የተሟላ ስፍራ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የጤና ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ፣ ቤተ ሙከራውና የዕፅዋት ምሁሩ ከአንኮበር የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቀት ላይ ናቸው። ጫካውም በአጠገቡ አለ፤ የወፍ ዋሻ ጥብቅ ደን ከቀሩት ጥቂት ጥንታዊ የደጋ ደኖች አንዱ ነው። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚቆመው መተማመን ነው። ኮሶው ለግንድነት ሲቆረጥ፣ ሽማግሌው ልጁ ከተማ ገብቶበት ያለ ወራሽ ሲሞት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያልቃሉ።

የአገሩ ተረት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ለዛሬው ባለሙያ ደግሞ መድኃኒቱን የደበቀ ፈቃድ አያገኝም ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ሰው የደበቀውን የሚገልጠው ሲያምን ነው፤ የሚያምነውም የገለጠው ሲጠበቅለት አይቶ ነው። ኮሶ በለንደን መዝገብ ከገባ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዛፉ ሥር ቆሞ አበባውን የሚለየው የአንኮበር ሽማግሌ ስሙ በገዛ አገሩ መዝገብ የሚገባበት ጊዜ፣ ሽማግሌው በሕይወት ሳለ መሆን አለበት።